አንዱ ‹በር› እና ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ‹ጌት› ወይስ ‹ዶር›?

ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። ሐረር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬም ለእንግዶች የሚታደሉ አጫጭር ጽሑፎችን አርማለሁ። በቅርቡ እጄ የገባ አንድ በራሪ ወረቀት የጁገልን (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ነው) አምስት በሮች በሙሉ ‹ዶር› እያለ ጠርቷቸው ነበር። ወረቀቱን ያነበበች አንዲት እንግዳ ሸዋ በር ሥር ቆማ አምስቱ የተቀረጹ የእንጨት መዝጊያዎች የት እንደሚታዩ አስጎብኚዋን ጠየቀችው፤ እርሱም የቆመችበትን ቅስት ሲያመለክታት ምን እንዳሳያት አልገባትም። አምስት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የከተማ በር በአንድ የተሳሳተ ቃል ምክንያት ከዓይኗ ተሰወረ። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሣኝ ጥያቄውን ወደዚህ አመጣሁት።

ከጥያቄው ጋር የራሴን አሳብም አስቀምጬ ነበር። አማርኛ የከተማን መግቢያ፣ የግቢን መግቢያ፣ የክፍልን፣ የቁም ሣጥንን ሁሉ ‹በር› ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ‹ዶር› ጣሪያ ያለው ነገር አካል ነው፤ ያለፈበት ሰው ወደ ቤት ወይም ከክፍል ወደ ክፍል ይገባል። ‹ጌት› ግን በቅጥር ወይም በአጥር ላይ የተተወ መተላለፊያ ነው፤ ወዲህም ሰማይ፣ ወዲያም ሰማይ ነው። በዚህ ደንብ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ሁሉም ‹ጌት› ይሆናሉ፤ የሐረሪ ቤት መግቢያ ደግሞ ‹ዶር› ይሆናል። ደንቡን ለአስጎብኚዎች ከማስተላለፌ በፊት የሚያፈርሰው ምሳሌ ያለው ሰው እንዲያሳየኝ ለመንሁ።

ምላሽ 1 የመጣው ለረጅም ዓመታት በአስጎብኚነት ከሠራ ወንድም ነበር። በአሳቤ መስማማቱን ገልጾ፣ የበሮቹ ሐረሪኛ ስሞች በወረቀቱ ላይ ከአማርኛዎቹ ጎን እንዲጻፉ ጠየቀ፤ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ። ስድስተኛው፣ ማለት ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ሐረር በር፣ ከአምስቱ በኋላ የተከፈተ ስለሆነ ከነባሮቹ ጋር እንዳይቆጠር፣ ስሙ ግን ያው ‹ጌት› እንዲባል አሳሰበ። ምላሽ 2 አጭርና ቀዝቃዛ ነበር፤ ጸሐፊው ያለው መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ‹በር› ብሎ ስለሚፈታ ልዩነቱ የመምህራን ፈጠራ ነው አለ። በምላሽ 3 እኔ የመለስሁለት፣ ሁለቱ በአንድ የአማርኛ ቃል መፈታታቸው ራሱ ጥያቄውን የወለደው መሆኑን ነው። እርሱ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 4ን የጻፈችው በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራ እህት ናት። መንገደኛ ከመጠበቂያው አዳራሽ የሚወጣበት መተላለፊያ ቁጥር ተሰጥቶት ‹ጌት› ይባላል፤ መንገደኛው ሜዳውን በእግሩ ተሻግሮ ደረጃውን ወጥቶ ወደ አውሮፕላኑ የሚገባበት ግን ‹ዶር› ነው። በየዕለቱ ሁለቱን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ስትናገር አደባልቃቸው እንደማታውቅ ጻፈች። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ እኔን የሚደግፍ መሰለኝ። እርሷ ግን ወዲያው አንድ ነገር አከለች፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ‹ጌት› ጣሪያ ባለው ሕንፃ ውስጥ ያለ ነው፤ በትልልቆቹ ማረፊያዎችማ ከ‹ጌት› እስከ አውሮፕላኑ ድረስ የሚወስደው ድልድይ ተሸፍኖ ሰማይ አይታይም። ስለዚህ ደንቤ ከመነሻው አንድ ቀዳዳ ነበረው። ማረፊያው የሚጠራበት ስም፣ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ የሚለው፣ ራሱ የበርን ነገር የያዘ መሆኑንም ያነሣችው እርሷ ናት፤ ‹ደጃዝማች› ማለት የደጅ አዝማች ነውና፣ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የማዕረጉን ‹ደጅ› ብዙውን ጊዜ ‹ጌት› እያሉ ይተረጉሙታል። ደጁ የሚጠበቅለት የንጉሡ ድንኳን በድንጋይ ቅጥር ላይ የተሠራ በር አልነበረውም፤ ሆኖም ‹ዶር› ቢባል የማዕረጉ ክብር ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ምላሽ 5 ከድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኛ መጣ። እኚህ አባት ፈረንሳይኛን በሥራ ላይ የተማሩ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም እንደ ደብዳቤ በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ የሚያልቅ ነው። ፈረንሳይኛም እንደ አማርኛ ‹ፖርት› በሚለው አንድ ቃል የክፍልንም፣ የከተማንም፣ የአውሮፕላን ማረፊያንም በር እንደሚጠራ፣ ለግቢ የብረት በር ግን ‹ፖርታይ› የሚል ሌላ ቃል እንዳለው አስረዱ። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከደረሰ ጀምሮ የከተማዋ ሰው ለገሃርን (ፈረንሳይኛው ‹ላ ጋር›፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው) የሰፈር ስም እስኪያደርገው ድረስ ፈረንሳይኛን ሲሰማ ስለኖረ፣ እንግሊዝኛን ዘግይቶ የተማረ የድሬዳዋ ሰው ሁለቱን ቃላት ቢያምታታ እንደማይፈረድበት አከሉ። ሐዲዱ ከሚያልቅበት ከጅቡቲ አቅራቢያ ያለው የባሕር መተላለፊያ ራሱ ባብ ኤል መንደብ፣ የእንባ ወይም የሐዘን በር፣ እንደሚባልና እንግሊዞች ይህን ሲተረጉሙ ብዙውን ጊዜ ‹ጌት› እንደሚሉ ያነሡትም እርሳቸው ናቸው። የውኃ መተላለፊያም ‹ጌት› ሊባል እንደሚችል ከዚህ ምሳሌ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም። ምላሽ 6 ይህንኑ ይዞ በአሽከርካሪነት ወደ ደሴ የተመላለሰ ሰው የጻፈው ነው፤ ጣርማ በርን አስታውሶ፣ አማርኛም የተራራ ማለፊያን ‹በር› እንደሚል፣ እንግሊዝኛም በዳንዩብ ወንዝ ላይ ያለውን ጠባብ ገደል የብረት ‹ጌት› እንደሚለው አመሳሰለ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የሰከነ ነበር። በምላሽ 7 አንድ ሰው ነገሩን ሁሉ በአንድ መስመር ሊዘጋው ፈለገ፤ ትልቁ ‹ጌት›፣ ትንሹ ‹ዶር› ነው አለ። ይህ አባባል በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ የምሰማው ነው፤ ፍጹም ስሕተትም ነው። በምላሽ 8 ያረመችው ሴት በቁጣ ብትጽፍም ነጥቧ ትክክል ነበር። የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር መዝጊያ ከቤት ጣሪያ ይበልጣል፣ ግን ‹ዶር› ነው፤ የአትክልት ቦታ መግቢያ ከጉልበት ባይበልጥም ‹ጌት› ነው፤ ይህን ሳያጣሩ መጻፍ ሌላውን ማሳሳት ነው አለች። የምላሽ 7 ጸሐፊ በምላሽ 9 ተናድዶ፣ እርሱ ለጀማሪ የሚሆን ደንብ እንደሰጠና ሃንጋር ያየ ጀማሪ እንደሌለ መለሰ። እኔ ግን ለጀማሪ የሚሰጥ ደንብ ቀላል መሆኑ ይገባኛል እንጂ የተሳሳተ መሆኑ አይገባኝም።

ከዚያ በምላሽ 10 ነገሩ ወደ ቃላት ዘር ሄደ። አንድ የከተማችን ወጣት፣ ሐረሪዎች ከተማቸውን ‹ጌይ›፣ ቋንቋቸውንም ‹ጌይ ሲናን› ስለሚሉ፣ እንግሊዞች ‹ጌት›ን የወሰዱት ከእኛ ነው፤ ምክንያቱም በሩን ሲያዩ የከተማውን ስም ሰሙ ሲል ጻፈ። በከተማው መኩራቱን ወደድሁለት። ነገር ግን እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ሐረር የገባው በ1855 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ቃሉ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት በእንግሊዝኛ ሲነገር የኖረ ነው። ይህን በምላሽ 11 ያብራራው ሰው አንድ ድንቅ ነገር ጨመረ። ዮርክ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ እንደ ሐረር በቅጥር የተከበበች ናት። በውስጧ ግን ‹ጌት› ማለት በር ሳይሆን ጎዳና ነው፤ ስቶንጌትና ኮፐርጌት የመንገድ ስሞች ናቸው። ምክንያቱም ከሰሜን አውሮፓ በመጡት ወራሪዎች፣ በቫይኪንጎች፣ ቋንቋ ‹ጋታ› ጎዳና ማለት ነበር፤ ከበር ‹ጌት› ጋር በድምፅ ብቻ ተገናኘ። የቅጥሩ በሮች ደግሞ ‹ባር› ይባላሉ፤ ቡተም ባር፣ መንክ ባር፣ ሚክልጌት ባር። በዚህ የመጨረሻ ስም ውስጥ ‹ጌት› መንገዱ፣ ‹ባር› በሩ ነው።

ሐረሪኛው ‹በሪ›፣ አማርኛው ‹በር›፣ ዮርክም ‹ባር› ሲሆኑ ያየ ሰው ዝም ሊል አይችልም፤ ምላሽ 12 እና 13 ዝም አላሉም። አንዱ ዝምድናው የተረጋገጠ ነው ሲል ሌላው አላዋቂነት ነው ብሎ ሰደበው። የዮርኩ ‹ባር› ከፈረንሳይኛ የመጣና መወርወሪያን ወይም ማገጃን የሚያመለክት ነው፤ የእኛው ‹በር› ግን ሴማዊ ነው። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው። ይህን በደግ ቃል መናገር ይቻል ነበር። ምላሽ 14 የአወያዩ ነበር፤ ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ።

የመለሰን ግን ምላሽ 15 ነው። ከሐረር ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ፣ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ተማሪ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ለእርሱ እንግዳ እንደሆነ በትሕትና ጻፈ። በቋንቋው የቤት መግቢያ ‹በልበላ›፣ ከብት የሚገባበት የበረት ወይም የግቢ መግቢያ ‹ከራ› ነው፤ እንግሊዝኛ ሲማር ‹ዶር›ን በ‹በልበላ›፣ ‹ጌት›ን በ‹ከራ› ስለተረጎማቸው አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ አሰብሁ። ክፍሌ ውስጥ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ተቀምጠዋል፤ እኔ ግን ልዩነቱን ሁልጊዜ ያስረዳሁት ልዩነቱ በሌለበት ‹በር› በሚለው ቃል በኩል ነበር። ከጎናቸው የተቀመጠው ጓደኛቸው በሁለት ቃላት ሊያስረዳቸው ይችል ነበር።

ምላሽ 16 የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆን በክሩ ውስጥ ረጅሙ ነው። አማርኛ ዛሬ አንድ ቃል ቢኖረውም ግእዝ ‹ኆኅት› እና ‹አንቀጽ› የሚሉ ሁለት ቃላት እንዳሉት አስታወሱ። ሆኖም ሁለቱ በእንግሊዝኛው ድንበር ላይ አይቆሙም። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 23 በእንግሊዝኛው ደግሞ 24 በሆነው መዝሙር ሰባተኛ ቁጥር ላይ፣ በ1611 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በመጀመሪያው ሐረግ ‹ጌት›ን፣ በሁለተኛው ‹ዶር›ን ያኖራል፤ ግእዙ ግን በሁለቱም ላይ ‹ኆኅት›ን ደግሞ ይናገራል። ከዚያም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ ራሱን በበር የመሰለበትን ቦታ አነሡ። የ1611ዱ ትርጉም ‹ዶር› ይላል፤ በዘመናችን በሰፊው የሚነበብ ሌላ የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ‹ጌት› ይላል፤ ነገሩ ስለ በጎች በረት ነውና፣ በረትም ጣሪያ የለውምና። እንግሊዞች በገዛ ቋንቋቸው በአንድ ቃል ላይ ሳይስማሙ ከኖሩ፣ የእኛ መቸገር የሚደንቅ አይደለም። ‹አንቀጽ› ዛሬ የሕግ ክፍል ስም ሆኖ መቅረቱንም አከሉ፤ ሰው በአንቀጹ ገብቶ ወደ ነገሩ ይደርሳልና።

በምላሽ 17 ዐረብኛ የሚያስተምሩ ሼክ ይህንኑ አጸኑላቸው። ዐረብኛው ‹ባብ› የቤትንም የከተማንም በር፣ የመጽሐፍንም ምዕራፍ ይጠራል፤ ሶማሊኛው ‹አልባብ› ከዚያው የመጣ ነው። የጀነት ስምንት በሮች፣ ጾመኞች የሚገቡበት ረያን ጭምር፣ በእንግሊዝኛ ሲነገሩ ‹ጌት› እንጂ ‹ዶር› ሲባሉ እንዳልሰሙ ጻፉ። ሁለቱ አባቶች በዚህ ክር ላይ እርስ በርስ እየተመሰጋገኑ የሄዱበት መንገድ፣ ከላይ የተሰዳደቡትን ሁለቱን ወጣቶች ዝም አሰኝቷቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ደንቤን የሰበረው ግን ምላሽ 18 ነው። የጻፈችው በጁገል ውስጥ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። በጠባቡ መተላለፊያ ሲሄዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው፤ በግንቡ ላይ ያለውን የእንጨት መዝጊያ ከፍቶ የገባ ሰው የሚያገኘው ቤት ሳይሆን ሰማይ ያለው ግቢ ነው፤ ቤቱ ከግቢው ማዶ የራሱ መግቢያ አለው። በእኔ ደንብ የመተላለፊያው መዝጊያ ‹ጌት› መሆን ነበረበት። እርሷ ግን ወደ ቤታቸው የመጡ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዶች ሁሉ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ያንን መዝጊያ ‹ዶር› ሲሉት ሰምታለች፤ ከዘመድ ግቢ ፊት ለፊት ያለውን የብረት በር ደግሞ ‹ጌት› ብለውታል። ሁለቱም ከሰማይ ወደ ሰማይ ያሳልፋሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

ሦስት ቀን መልስ አልነበረኝም። በምላሽ 19 ከካናዳ የጻፈ የሐረር ልጅ ችግሩን አባሰው። እዚያ ሕፃናት ከደረጃ እንዳይወድቁ በቤት ውስጥ የሚተከል አጭር ማገጃ አለ፤ ጣሪያ ሥር ሆኖ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እያሳለፈ፣ ስሙ ‹ጌት› ነው። በላዩ ታያለህ፣ በላዩ ትነጋገራለህ፤ የሚከለክለው መተላለፍን ብቻ ነው። ምላሽ 20 የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ውስጥ ምልክትን እንደ ሁኔታው የሚያሳልፈው ወይም የሚያግደው ክፍልም ‹ጌት› እንደሚባል በሁለት መስመር ጨመረ።

እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲነበቡ መልሱ ተገለጠልኝ፤ በምላሽ 21 እንዲህ አድርጌ አቀረብሁት። የሰማዩ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ምልክት ነው እንጂ መሠረቱ አይደለም። ‹ዶር› ስንል በመጀመሪያ አሳባችን የሚያርፈው በመዝጊያው ላይ ነው፤ ቀዳዳውን ሞልቶ ነፋስን፣ ዓይንንና ድምፅን የሚከለክለው፣ በማጠፊያ የተንጠለጠለው ሳንቃ። ስለዚህ የመኪናም፣ የምድጃም፣ የፍሪጅም፣ የሃንጋርም ‹ዶር› አለ። ‹ጌት› ስንል አሳባችን የሚያርፈው በመተላለፉ ላይ ነው፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚወሰንበት ቦታ ነው። የጁገል በሮች በቀድሞ ዘመን ማታ የሚዘጉ፣ ጠዋት የሚከፈቱ፣ በርተንም ከመግባቱ በፊት በአንዱ ላይ ደጅ የጠናባቸው ስፍራዎች ስለነበሩ ‹ጌት› ናቸው፤ የተዘጉባቸው ሳንቃዎች ግን የዚያ ‹ጌት› ‹ዶር›ዎች ቢባሉ ስሕተት የለበትም። የጁገሉ የመተላለፊያ መዝጊያም ግንቡ ላይ ተገጥሞ እንደ ቤት መዝጊያ ዓይንን ስለሚከለክል ‹ዶር› ብለው ይጠሩታል። ጸሐፊዋ በምላሽ 22 ተስማማች፤ እንግዳዋም በሸዋ በር ሥር የፈለገችው ሳንቃውን ስለነበር አልተሳሳተችም ስትል የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን አረጋገጠችልኝ።

ምላሽ 23 ስለ ጅብ ነበር። በጁገል ግንብ ላይ ሐረሪዎች ‹ወራባ ኑዱል› የሚሉት፣ ጅብ ሌሊት የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ይህ ምን ይባል የሚል ጥያቄ ነው። መዝጊያ ስለሌለው ‹ዶር› ሊባል እንደማይችል ሁላችንም ተስማማን። ‹ጌት› ብለው የሚጽፉ እንግዶች አሉ፤ እኔ ቀዳዳ ብቻ ብለው እመርጣለሁ፤ አስጎብኚው ወንድማችን ግን ጅቡ ታውቆለት የሚያልፍበት መንገድ ከሆነ ‹ጌት› ቢባል መብቱ ነው ብሎ አልለቀቀኝም።

ምላሽ 24 መረር ያለ ነበር። ጸሐፊው፣ ሁለት የባዕድ ቃላትን ለመለየት ይህን ያህል የደከምን ሰዎች፣ መቃንን ከጉበን፣ ሳንቃን ከመወርወሪያ የማይለዩ ልጆች ስናሳድግ ለምን አልተቆጨንም ሲል ወቀሰን። ቃሉ ቢከብድም እውነት አለው። መልስ የሰጡት የምድር ባቡሩ አባት ናቸው፤ ለሁለቱም መድከም ይቻላል ካሉ በኋላ፣ እኛ የተሰበሰብንበት ‹መድረክ› ራሱ በግእዝ የበር ደፍ ማለት እንደሆነ አስታውሰው፣ ሁላችንም ከበሩ ሳንርቅ መክረማችንን ጻፉ። እኔም ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የቤታቸውን በር ሥለው ክፍሎቹን በየቋንቋቸው እንዲሰይሙ አዝዣለሁ።

ወረቀቱ እንደገና ሊታተም ተዘጋጅቷል፤ አምስቱ በሮች ‹ጌት› ተብለው፣ ሐረሪኛ ስማቸው ከጎናቸው ተጽፎ። ክሩ ግን አልተዘጋም። ትናንት ማታ በምላሽ 26 አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በትልቁ የግቢ የብረት በር ላይ ተቀድዳ ሰው ብቻ የሚያልፍባትን ትንሿን በር ምን እንበላት ብላ ጠየቀች። ‹ዊኬት ጌት› የሚሏት አሉ፤ ‹ዊኬት ዶር› የሚሏትም አሉ፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱንም ጽፌላታለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የብረት በር ሠሪው ጎረቤቴ በምላሽ 28 እርሱና ሠራተኞቹ ትንሿን ከትልቁ ለይተው በምን ስም እንደሚጠሯት ሊነግረን ቃል ገብቶ፣ ሥራ ስለያዘው እስከ ማታ እንድንታገሠው ጠይቋል።